ያለ እኛ አንድ ለዜሮ

…ጌሙ ላይ ያለው ይኼ ማሊያ ደግሞ የማን ነው፣ ነጭ፣ የሐኪም ጋውን የመሰለ ድርቅ ያለ ነጭ፣ የኛ እኮ አረንጓዴ ነው፣ አራት ዓመት ሙሉ አረንጓዴ፣ ደረቱ ላይ ቢጫ መስመር ያለው፣ ቢጫውን ራሴ ነኝ የመረጥኩት፣ ምናልባት ያልሆነ ቦታ ነክቼ ይሆናል፣ አንድ እግሬ ጫማ ውስጥ ነው ሌላው ባዶውን ነው፣ ሜትሬን እንኳ ካንገቴ አላወረድኩም፣ ባለሱቋ ጥርሷን ልትነቀል በጊዜ ዘጋች፣ የሰውየውን ዚፕ ነገ ትጨርሺዋለሽ ሂጂ አለችኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ በረርኩ፣ እሁድ የዝውውር መስኮት ይከፈታል፣ ግራ ተመላላሽ ያስፈልገናል፣ ወንድሜ ከሥራ ሳይመጣ ዝርዝሩን ቀድሜ ልየው ብዬ ነው፣ ማየት ይፈቀዳል፣ መንካት ነው የማይፈቀደው፣ አልነካሁም። ምንም አልነካሁም። ታዲያ ነጩ ከየት መጣ።

ውጪ። እንደገና ግቢ። ነጭ።

የበረኛው ነጥብ ሰማንያ ሰባት፣ ወይ ጉድ፣ ሰማንያ ሰባት፣ የኛ በረኛ እኮ ስልሳ አንድ ነው፣ ረጅሙ የምንለው፣ ኳስ ሲመጣበት መጀመሪያ አስቦ ኋላ የሚዘል፣ ወንድሜ ይኼ ሰውዬ በደብዳቤ እስኪነገረው ነው የሚጠብቀው ይላል፣ እዚህ ያለው ግን ሌላ ሰው ነው፣ ሁሉም ሌላ ሰው ናቸው፣ ሰማንያ አራት፣ ሰማንያ ዘጠኝ፣ ፀጉራቸው ተበጥሮ ፊታቸው ታጥቦ፣ አንዱንም አላውቀው፣ አንዱንም አላሳደግኩት፣ ጉንዳን የታለ፣ ሽማግሌው የታለ፣ ወደ ታች እወርዳለሁ፣ ተጠባባቂዎቹ፣ ታዳጊዎቹ፣ በውሰት የሄዱት፣ የሉም፣ ቤቴ ስገባ የማላውቃቸው ሰዎች ሶፋዬ ላይ ተቀምጠው ያገኘኋቸው ነው የሚመስለኝ፣ እንደምን ዋልሽ እንኳ የማይሉ።

እማ የወደቀች ዓመት ነው የጀመርነው። ጠዋት ደህና የነበረች ሰው ማድቤት እንደቆመች ግማሽ ጎኗ እምቢ አላት፣ ከሆስፒታል ስንመልሳት ቤቱ ዝም አለ፣ እኔና ወንድሜ ሳሎን ውስጥ እንግዳ መስለን ተቀመጥን፣ እሱ ሊፍት ጠጋኝ ነው፣ ፎቅ መሃል የተጣበቀ ሰው ሲያወጣ ነው የሚውለው፣ እኔ ደግሞ ልብስ አስተካካይ፣ የሰፋውን ማጥበብ የጠበበውን ማስፋት፣ ለተጣበቀች እናት ግን ሁለታችንም መሣሪያ አልነበረንም፣ አንድ ቅዳሜ ይኼን ጌም ከሥራ ባልደረባው ተቀብሎ መጣ፣ ባልደረባው ሊያገባ ነው፣ እጮኛው ወይ እኔን ወይ ጌሙን ብላዋለች አለ፣ ሁለት ወንበር አስጠጋ፣ ነይ አለኝ፣ እኔ ኳስ አልችልም፣ ኳስ አይደለም ቡድን መሥራት ነው፣ ምረጪ።

ሻምፒዮኑን እንያዝ አለ እሱ፣ ሻምፒዮን ይዘህ ምን ልትሠራ፣ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ነው፣ ምን ልትጨምርበት፣ ወደ ታች ወረድኩ፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ የመጨረሻው ሊግ መጨረሻ ድረስ፣ በአንድ በኩል ብቻ መቀመጫ ያለው ስታዲየም፣ በሌላው በኩል ዛፍ፣ ግማሽ ኮከብ፣ ይኼን? ይኼንን እኮ ማንም አይወስደውም፣ ለዚያ ነዋ። ሳቀ። አንቺ አለቃ ነሽ አለኝ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ አለቃ ነው የሚለኝ፣ እሱ ዋና አሰልጣኝ እኔ አለቃ፣ ሌላ ስም ያለኝ ለእማ ብቻ ነው፣ ለእሷ ዛሬም ሚጣ ነኝ፣ ሠላሳ አንድ ዓመቴ።

ተጫዋች የምመርጠው ልብስ እንደምመርጠው ነው፣ ገልብጬ። ውጪውንማ ማንም ያሳምረዋል፣ ትልቁ ቁጥር ውጪው ነው፣ ከሥሩ ያሉትን ትንንሾቹን ነው የማየው፣ ጽናት፣ ቦታ አያያዝ፣ ኳስ ሲነጠቅ ቶሎ ይመለሳል ወይ፣ ወንድሜ ግን ፍጥነትና ፀጉር ነው የሚያየው፣ አንድ ጊዜ ለፀጉሩ ብሎ አንዱን የመስመር አጥቂ አስመጣን፣ እሺ ብዬው፣ ሰውዬው ኳሷን ከኋላው ረስቶ ብቻውን መስመር ጥሶ ይሄዳል፣ እስከ ማዕዘን ባንዲራው ድረስ፣ ስቀን ሞትን። ጉንዳንን ግን እኔ ነኝ ያገኘሁት፣ መልማያችንን ዝናብ ወደሚበዛበት አገር ልከነው ስድስት ስም ይዞ መጣ፣ አምስቱ ረጃጅም፣ ስድስተኛው አሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ነጥቡ ሃምሳ ሁለት፣ ደቃቃ፣ ጽናቱ ግን፣ ወንድሜ ይኼ ልጅ ንፋስ ይወስደዋል አለ፣ አይወስደውም አልኩ፣ አልወሰደውም፣ አሁን ሰባ አራት ነው አምበላችን ነው። ነበር። ምን ልበል፣ ነው ወይስ ነበር።

ሽማግሌውማ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ መሃል ተከላካይ፣ በየዓመቱ ወንድሜ እናሰናብተው ይላል፣ እኔ አይሆንም እላለሁ፣ ወደ ላይኛው ሊግ ያለፍን ቀን በባከነ ሰዓት በግንባሩ ያገባው እሱ ነው፣ ወንድሜ ሲዘል አምፖሉን በጭንቅላቱ መታው፣ መስታወቱ ተበተነ፣ ከውስጥ ደግሞ የእማ ሳቅ ተሰማ፣ ከወደቀች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በግማሽ አፏ፣ ሁለታችንም ሮጥን፣ እየሳቀች ነው፣ ምን ሰበራችሁ እናንተ ትላለች፣ ወንድሜ አለቀሰ፣ እኔ ጎል አገባን እማ ጎል አገባን እላለሁ፣ መስታወት በባዶ እግሬ እየረገጥኩ።

ሕጋችን አንድ ነው። ሁለታችንም ሁለቱ ወንበሮች ላይ ሳንቀመጥ ማንም አይገዛም ማንም አይሸጥም፣ አንዱ ጆይስቲኩን ይይዛል ሌላው ይሁን ይላል፣ ይሁን ካልተባለ ጣት አይወርድም፣ ጉንፋን ጥሎኝ የተኛሁ ጊዜ አጥቂውን እናውሰው ወይ የሚል ጥያቄ መጣ፣ በሩ ላይ ቆሞ ጠየቀኝ፣ ይሁን አልኩ ከብርድ ልብሱ ውስጥ፣ እንደዚያማ አይሆንም ብሎ ወንበሬን እስከ አልጋዬ ድረስ ተሸክሞ አመጣው፣ ተቀመጪ፣ ሕግ ሕግ ነው፣ ትኩሳቴን ይዤ ተቀመጥኩ፣ ይሁን፣ አሁን ተኚ አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነው እኮ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ትልልቆቹ ክለቦች በየዓመቱ መጨረሻ ይጽፉልናል፣ ሲጽፉ እንደ መሥሪያ ቤት ነው፣ ክቡር አሰልጣኝ፣ ባስመዘገቡት የላቀ ውጤት ቦርዳችን እጅግ የተደነቀ በመሆኑ በዋና አሰልጣኝነት እንዲያገለግሉን በታላቅ አክብሮት እንጋብዛለን፣ ወንድሜ በዜና አንባቢ ድምፅ ያነበዋል፣ እማ ከውስጥ ማነው የሞተው ትላለች፣ እምቢ የሚለውን በየተራ ነው የምንጫነው፣ አንድ ዓመት እሱ አንድ ዓመት እኔ፣ ዘንድሮ የእኔ ተራ ነው።

ለእኔም ተጽፎልኛል፣ እውነተኛውን። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሌላ ከተማ ያለ ቴአትር ቤት፣ አልባሳት ክፍሉ፣ አንዲት ሴትዮ ካባ ልታሳጥር ሱቃችን መጥታ ነው፣ ስትቀበለኝ ገለበጠችው፣ ስፌቴን በውስጥ በኩል አየችው፣ በሕይወቴ ስፌቴን ገልብጦ ያየ ሰው እሷ ብቻ ናት፣ ይኼን የሠራው ማነው፣ እኔ ነኝ፣ ስምሽን ጻፊልኝ፣ በወሩ መጥተሽ ሥሪልን የሚል ደብዳቤ መጣ፣ ሁለት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ፣ በሦስተኛው ቀን ለወንድሜ አሳየሁት፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ እንደ ሕጉ፣ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ እማ ያለችበትን በር አየ፣ ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና እኛ ክለብ አንቀይርም አለቃ አለኝ። ሳቅኩ። የሚገርመኝ እሱ ነው፣ ሳቅኩ እኮ፣ በማግስቱ በቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት ብዬ እምቢታዬን ጻፍኩ፣ ፖስታ ቤት ያደረሰልኝ ራሱ ነው፣ መንገዴ ነው ብሎ። ለእማ አልነገርኳትም፣ እስከ ዛሬ አታውቅም፣ ሂጂ እንዳትለኝ ፈርቼ ነው፣ ሂጂ ካለችኝ መሄዴ ነው፣ ከሄድኩ ደግሞ ማን አለ።

መልእክት ሳጥኑን ልየው እስቲ። የመጨረሻው። ክቡር አሰልጣኝ፣ ግብዣችንን በመቀበልዎ የተሰማን ደስታ ወሰን የለውም።

በመቀበልዎ።

ማነው የተቀበለው፣ እኔ አልተቀበልኩም፣ ዘንድሮ ተራው የእኔ ነው፣ ጣቱ አዳልጦት ይሆናል፣ ቸኩሎ፣ ግን ጌሙ ይጠይቃል እኮ፣ እርግጠኛ ነዎት ይላል፣ አዎ ሲሉት ደግሞ አሁን የያዙትን ክለብ ለቀው ይሄዳሉ፣ መመለስ አይቻልም፣ እርግጠኛ ነዎት ይላል፣ ሁለት ጊዜ፣ ጣት ሁለት ጊዜ አያዳልጥም። የተመዘገበበት ቀን ማክሰኞ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ከሃያ፣ ማክሰኞ አራት ሰዓት እኔ ስፌት መኪናዬ ላይ ነኝ፣ እሱ ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ መሆን ነበረበት፣ ማክሰኞ፣ ማክሰኞ ምን ነበር፣ ሰማያዊ ሙሉ ልብሱን የለበሰ ቀን ነው።

ሱሪው። ወይኔ ሱሪው። ሰኞ ረዘመብኝ አሳጥሪልኝ አለኝ፣ ምነው በደህና፣ መሥሪያ ቤት ስብሰባ አለ፣ ሊፍት ጠጋኝ ሙሉ ልብስ ለብሶ የት ነው የሚሰበሰበው፣ ጉድጓዱ ውስጥ? ብዬ ሳቅኩበት፣ እሱም ሳቀ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሳቀ፣ በመኪና አይደለም በእጄ ነው የሰፋሁለት፣ ክሩ ከውጪ እንዳይታይ፣ መርፌ በከንፈሬ ይዤ እግሩ ሥር ተንበርክኬ፣ ቀጥ ብለህ ቁም እያልኩት፣ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ ጣቴን ወግቼዋለሁ፣ ምልክቱ እዚህ አለ፣ ሰው እንዲህ ተኩሶ ተስተካክሎ የሚሄደው ወይ ለሠርግ ነው ወይ ለሥራ ፈተና ነው፣ ሠርግ የለም፣ እኔ ነኝ የለካሁት፣ እኔ ነኝ የተኮስኩት፣ አሳምሬ ላኩት፣ በገዛ እጄ።

ቆይ። አትቸኩዪ። ነገር አትጎንጉኚ፣ ጌም ነው፣ ምናልባት ስብሰባውን ሰርዘውት ነው፣ ምናልባት ቤት ገብቶ ዝም ብሎ ነካክቶ ነው፣ ግን ነካክቶም አይደለም፣ በጌሙ አንድ ሳምንት አስኬዷል፣ የነጮቹን ጨዋታ እንኳ አልተጫወተም፣ ዝም ብሎ አሳልፎታል፣ ፊት ለፊት ያወጣው ሠንጠረዥ የነጮቹን ሊግ አይደለም፣ የኛን ነው፣ የታችኛውን፣ ፈልጎ ነው ያወጣው፣ ውጤቱ ይኸውና፣ አረንጓዴዎቹ በሜዳቸው፣ አንድ ለዜሮ፣ ጉንዳን በሰባ አንደኛው ደቂቃ። ያለ እኛ። አሸንፈዋል። ገባኝ። ሊሞክረው ነው፣ ብሄድ ምን ይሆናሉ ብሎ፣ ለቀቃቸው፣ ሳምንት አለፈ፣ አየ፣ ምንም አልሆኑም፣ እፎይ አለ፣ ከዚያ አጠፋው፣ ካጠፋሁት ይጠፋል ብሎ፣ ባለፈው ዓመት መብራት ሄዶ ስድስት ጨዋታ ሲበላብን ራሱን እንዲመዘግብ አስተካክዬው ነበር፣ ነግሬዋለሁ፣ እሺ እሺ ብሎኛል፣ አልሰማኝም፣ አራት ዓመት አጠገቤ ተቀምጦ የምለውን አይሰማም። አንተ ሞኝ፣ እነሱማ ለምን ምን ይሆናሉ፣ አንተ ብትሄድ ኮምፒውተሩ ያሠለጥንላቸዋል፣ እዚህ ቤት ኮምፒውተሩ እኔ ነኝ እኮ።

ሚጣ፣ መጣሽ እንዴ?

መጣሁ እማ፣ ዛሬ በጊዜ ነው፣ አዎ ባለሱቋ ጥርሷን አሟት ነው፣ ቀን ቀን የምታግዘን ሴትዮ እኔ ስገባ ነው የወጣችው፣ ሻርፗን እያሰረች፣ ዓይኔን አላየችኝም፣ ለካ፣ ማክሰኞ እሷ እዚህ ነበረች፣ እሱ ሙሉ ልብሱን ለብሶ እዚህ ሲቀመጥ ሻይ አፍልታለት ይሆናል፣ የእማ አልጋ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል፣ ወንድምሽ ነገረሽ እንዴ ታዲያ? ትላለች፣ ቀለል አድርጋ፣ ስለ አየሩ እንደምታወራ፣ ጣቴ ጆይስቲኩ ላይ ደርቆ ቀረ፣ ምኑን እማ። ምኑን ነው የሚነግረኝ። ምንም፣ ምንም የኔ እናት፣ ውሃ ይኑር አይኑር ብዬ ነው።

ውሃ አለ እማ።

እማ መዋሸት አይሆንላትም፣ ልጅ ሆነን እንኳ መርፌ ልንወጋ ስንሄድ ወዴት ነው ስንላት ታቀረቅራለች እንጂ አትዋሽም፣ አሁን ተማረች፣ ለእሱ ብላ ተማረች፣ ታውቃለች፣ ሴትዮዋም ታውቃለች፣ ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ ለሁሉም እራት የማቀርበው፣ የሁሉንም ልብስ የምተኩሰው፣ ከዱኝ፣ ሌላ ቃል የለውም፣ ልፈልግለት አልፈልግም፣ ከዱኝ፣ ማልቀስ እኮ እችላለሁ፣ ማን ከለከለኝ፣ ግን እንባውም እምቢ አለ፣ ደሜ ነው የሚፈላው።

ቁልፍ። በሩ። ጫማውን ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ነው የሚጠርገው፣ የሊፍቱ ግራሶ ምንጣፉን እንዳይነካብኝ፣ ደህና ዋልሽ ወይ አለቃ፣ በጊዜ መጣሽሳ፣ ይላል፣ ከዚያ ስክሪኑን ያያል። ነጩን ያያል። ቦርሳውን አያስቀምጥም።

ሴቭ አላደረግኩትም እኮ፣ ይላል።

መጀመሪያ ያለው ይኼን ነው። ስንት ቃል ባለበት ዓለም። ራሱን ይመዘግባል፣ ነግሬህ ነበር፣ እለዋለሁ፣ ድምፄ ይገርመኛል፣ የደንበኛ ድምፅ ነው፣ ልብስዎ ሐሙስ ይደርሳል የምልበት፣ የት ነው? ምኑ? አንተ ሰውዬ፣ የት ነው። ይቀመጣል፣ ወንበሩ ላይ፣ የራሱ ወንበር ላይ፣ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ እንዳቀፈ፣ ወደብ ያለበት ከተማ ነው፣ አዲስ ሕንፃ፣ ሃያ ሁለት ፎቅ፣ ዘጠኝ ሊፍት፣ ኃላፊ አድርገውኝ ነው አለቃ፣ ከሥሬ ስድስት ሰው አለ፣ አለቃ አትበለኝ፣ እሺ፣ መቼ ነው፣ ከወሩ መጀመሪያ። ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው፣ ጣቴን ሳልቆጥር አውቀዋለሁ። መቼ ልትነግረኝ ነበር። እሁድ፣ ስንጫወት፣ ቀስ አድርጌ። ቀስ አድርገህ፣ ግራ ተመላላሽ እየመረጥን? ለእማ ነግረሃታል፣ እሷማ ሂድ አለችኝ፣ ጠየቅኳትና ሂድ ልጄ አለችኝ።

ጠየቃት። ይኼ ነው ልዩነታችን፣ እሱ ጠየቃት፣ እኔ እንዳልጠይቃት ተጠነቀቅኩ፣ መጠየቅ ይቻል ነበር ለካ፣ ሂጂ ትለኝ ነበር ለካ፣ ሁለት ዓመት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ዚፕ ስቀይር ነገሥታት ላለብስ እችል ነበር፣ ከወረቀት ዘውድ ጋር፣ ከሐሰት ፀጉር ጋር፣ የውስጥ ስፌቴን የሚያይ ሰው አጠገቤ ቆሞ።

አንቺ ባትኖሪ እኮ አልሄድም ነበር፣ ይላል፣ እምልልሻለሁ፣ አንቺ ስላለሽ ነው የምሄደው፣ ሌላ ሰው ቢሆን እማን ጥዬ ንቅንቅ አልልም ነበር።

ምስጋና መሆኑ ነው። ፊቱን አየዋለሁ፣ ከልቡ ነው፣ ያ ነው የባሰው፣ ከልቡ ነው፣ ዓይኖቹ ርሰዋል፣ ደግ ሰው እኮ ነው ወንድሜ፣ እማን ያስቃታል፣ ብርቱካን ልጦ ያበላታል፣ ጋዜጣ ያነብላታል፣ እኔ ግን ለእሱ ሰው አይደለሁም፣ ቤቱ የቆመበት ነገር ነኝ፣ ግድግዳ፣ ግድግዳ ደግሞ አይጠየቅም፣ ይደገፉታል እንጂ፣ የኔን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ስታደርስ ምን ታስብ ነበር፣ እለዋለሁ። ንገረኝ እንጂ። ቦርሳውን ያያል፣ ፈርቼ ነበር ይላል፣ ብቻዬን አልችላትም ብዬ፣ አንቺ ከሄድሽ እንዴት አድርጌ፣ ማጠቡን፣ ማንሳቱን፣ እኔ አልችልበትም እኮ። እኔስ? አንቺማ ትችያለሽ። ማን ነገረህ? ትችያለሽ እኮ፣ ስታደርጊው እያየሁ።

ችሎ አይደለም እኮ ሰው የሚችለው፣ እኔም አልችልም ነበር፣ የመጀመሪያ ሳምንት መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ሁለታችንም ወድቀናል፣ እኔና እማ፣ ውሃው እየፈሰሰብን፣ እሷ ይቅርታ የኔ እናት ይቅርታ ትላለች፣ እኔ ዝም በይ እማ እላለሁ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይተን ነው የተነሳነው፣ ያን ቀን አንተ የታባትህ ነበርክ፣ ሊፍት ውስጥ የተጣበቁ ሁለት ሰዎች ልታወጣ፣ ይኼን ልበለው? አልለውም፣ ብለው ያለቅሳል፣ ካለቀሰ አቅፈዋለሁ፣ ካቀፍኩት ይሁን ማለቴ ነው፣ ጣቱ ይወርዳል፣ አይሆንም፣ ዛሬ ይሁን አልልም።

ልቅር እንዴ፣ ይላል፣ ቅር ካልሽኝ እቀራለሁ፣ ደውዬ አልመጣም እላቸዋለሁ፣ በይኝ ብቻ።

ተመልከቱልኝ። አሁን ደግሞ እምቢታውን የምጫነው እኔ ልሆን ነው፣ ቀርቶ ዕድሜ ልኩን በእራት ሰዓት እያየኝ ሊተነፍስ፣ ያ ዘጠኝ ሊፍት እያለ፣ አልልህም፣ ሂድም አልልህ ቅርም አልልህ፣ ራስህ ፈርመሃል ራስህ ተሸከም፣ ነጮቹ ስክሪኑ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፣ በየተራ አንገታቸውን ያነቃንቃሉ፣ ያሰለቻሉ።

ሚጣ!

እማ ናት። ሚጣዬ፣ ነይ እስቲ አንዴ አንሺኝ። እግሬ ቀድሞኝ ሊነሳ ነው፣ አራት ዓመት የለመደ እግር፣ ተረከዜን ወለሉ ላይ ተክዬ ያዝኩት፣ ባዶ ተረከዜን፣ ወንድሜ ያየኛል፣ እኔ ስክሪኑን አያለሁ፣ እየጠራችሽ ነው፣ ሰምቻለሁ፣ ታዲያ፣ ታዲያማ ሂድ። እኔ? አንቺን እኮ ነው የጠራችው። ዛሬ አንተን ነው፣ እለዋለሁ፣ ውሸቴን ነው፣ ሂድ።

ቦርሳውን መሬት ላይ ያስቀምጣል። ይነሳል። የእማ በር ሲከፈት ሲጥ ይላል፣ ዘይት አድርግበት ካልኩት ወራት አልፎታል፣ ኧረ አንተ ነህ እንዴ፣ ሚጣስ፣ አለች እማ፣ እኔ ላነሳሽ ነው፣ አንተ? ተወው ልጄ፣ ተወው እሷን ጥራልኝ፣ እችላለሁ እኮ፣ ብርድ ልብሱ ይገፈፋል፣ አልጋው ያቃስታል፣ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ አልጋውን ይዞረዋል፣ ተመልሶ ይዞረዋል፣ ይቆማል።

አለቃ! በየት በኩል ነው የምትያዘው?

አራት ዓመት። በአንድ ጣሪያ ሥር አራት ዓመት። ዝም እላለሁ፣ ይወቀው፣ ዝም ይበለው ቤቱ እሱንም፣ አለቃ! ድምፁ ተቀይሯል፣ እማ ቀስ ቀስ ትላለች፣ ትንፋሿ አጥሯል፣ ክንዷን ይዟት ነው፣ የቱን ክንዷን፣ ቀስ ልጄ ክንዴን፣ በግራ! እላለሁ፣ በግራ በኩል ቁም፣ ግራ እጇን አንገትህ ላይ አድርጊ በላት፣ ቀኙን እንዳትጎትተው ያማታል፣ ይዣታለሁ ይላል፣ አልያዝካትም፣ መጀመሪያ እግሯን አውርድ፣ ሁለቱንም፣ ጉልበትህን እጠፍ እንጂ በወገብህ አታንሳ፣ ከወንበሬ አልነሳም፣ እየጮህኩ ነው የምነግረው፣ ከዚህ ሆኜ፣ ዘጠኝ ቀን አለህ፣ በቀን አራት ጊዜ ነው የምትነሳው፣ የወገቧን ማንሻ ቀበቶ ያዝ፣ ቀበቶዋን፣ ቀስ በል፣ አልነሳም፣ ያዝካት? እማ፣ ያዘሽ?